ማኅበራችንም ሙሴ አለው

እሑድ፣ ኅዳር 8

ተስፋዬ ዛሬ ሌባ አለኝ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ። «ይህ ሽማግሌ ሌባ ነው። ሠራተኛዬን ከግቢዬ ሰርቆ አወጣ» አለ። ሰባ ዓመት አልፎኛል። የሰው መርፌ አንሥቼ አላውቅም።

የሰረቅኩት ይህ ነው፦ መሰለች የምትባል ልጅ፣ ጁባ ማላኪያ ሰፈር ካለው የተስፋዬ ሆቴል እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ በእግር፣ ልታስቀድስ። ቅዳሴው እንዳለቀ በመኪናው መጥቶ መልሶ ወሰዳት። አንገቷን ደፍታ ገባች። እኔ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ቆሜ ቀረሁ።

አጀማመሩን ልጻፈው፣ ንዴቴ ሳይበርድ። ባለፈው ወር የሆቴሉን ጄኔሬተር ልጠግን ሄጄ ነበር። እጄ ዘይት በዘይት ሆኖ ሳለ ልጅቷ ውኃ አመጣችልኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለች። ነገርኳት።

«ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል ነው?» በያዝኩት መፍቻ አመለከትኳት። ለምን እንደጠየቀች ስላት፣ «ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ዞሬ ልጸልይ ብዬ ነው» አለች።

ጁባ ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። ከዛሬ በፊት የግቢውን በር አልፋ አታውቅም። ገንዘብ ተቀባይ ትሆኛለሽ ተብላ መጣች፤ ሰሃን ታጥባለች። ፓስፖርቷን ተስፋዬ ገና የመጣች ዕለት «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ወሰደው። ደመወዝ ስትጠይቅ የመጣችበትን ወጪ ይቆጥርላታል።

ሙሴ ሕግ ሲሰጥ ሰው የሚሰርቅን ከነፍሰ ገዳይ ጋር ነው ያስቀመጠው። እኔ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው። ይህን ግን አንብቤዋለሁ። ከተስፋዬና ከእኔ አንዳችን የሰው ሌባ ነን። ማን እንደሆነ ይታያል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ካርቡሬተር እያጠብኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐሙስ ኅዳር ሚካኤል ነው። የማኅበራችን ጽዋ በዚህ ወር ተስፋዬ ዘንድ ነው፤ ደጋሹ እሱ ነው። የሚቀጥለው ተረኛ እኔ ነኝ። ጽዋው ከእሱ እጅ ወደ እኔ እጅ ማለፍ አለበት። ደንቡ ደግሞ የታወቀ ነው፦ የተጣሉ ሳይታረቁ ጽዋ አይቀባበሉም፤ እነሱ እስኪታረቁ ሌላውም አይጠጣም።

እኔ ደግሞ አልታረቅም።

ሳቄን ኛማል ሰማች። ጎረቤቴ ናት፤ ልብስ ትሰፋለች። ያደገችው ጋምቤላ፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው። አማርኛዋን ከዚያ ይዛ መጣች፤ አፏንም ጭምር።

«ጋሼ፣ ብቻህን ትስቃለህ? ካላስ፣ አረጀህ በቃ።»

«አላረጀሁም። እየተጣላሁ ነው።»

«አንተ መቼ ታርቀህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው።

ከሰዓት በላቸው መጣ። ካቶር ሰፈር ሱቅ አለው፤ የማኅበራችን መሪም እሱ ነው። የማኅበር መሪ በደንባችን ሙሴ ይባላል። በላቸው ደግ ሰው ነው። ጠብ ግን አይችልም፤ ሁለት ድመቶች ሲጣሉ እንኳ ሱቁን የሚዘጋ ነው።

«ወርቁ፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ፣ ታረቅ። ተስፋዬ ሁለት በግ ገዝቷል።»

«ከበጎቹ ጋር አልተጣላሁም።»

«ድግሱ ይበላሻል እኮ።»

«ለመሆኑ ሙሴ የሚሉህ ለምንድን ነው?»

«የማኅበር መሪ ሙሴ ይባል የለ እንዴ?»

«የፊተኛው ሙሴ ሕዝብ ከባርነት አወጣ። አንተ የምታወጣው ምንድን ነው? አግዳሚ ወንበር?»

ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ትንሽ አዘንኩለት። ብዙ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ስለ ፓስፖርቱ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ባለቤቷ ራሷ ትምጣ» አሉኝ። ከግቢ መውጣት አትችልም አልኩ። «እንግዲያው ስትወጣ ትምጣ» አሉኝ። «ማሌሽ፣ አይዞህ» ብለውም አጽናኑኝ። እየሳቅኩ ተመለስኩ፤ ምን ላድርግ።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ብዬ ነበር። ኛማል ከለከለችኝ። «ጋሼ፣ ወረቀት የሌላት እሷ ናት። መጀመሪያ የሚይዙት ማንን ይመስልሃል?» አለች። ሴትየዋ ብልህ ናት። በግልጽ አልነገርኳትም።

ኛማል ራሷ ዛሬ ሆቴሉ ገባች። ለድግሱ የጠረጴዛ ልብስ እንድትሰፋ አዘዋት ነበርና ልትለካ ሄደች። መሰለችን ወጥ ቤት አገኘቻት፤ ሽንኩርት ትልጣለች። ይዛልኝ የመጣችው ወሬ ግን መጥፎ ነው። ተስፋዬ ከሚካኤል በኋላ ልጅቷን ቦር ከተማ ወዳለው የወንድሙ ቡና ቤት ሊልካት ነው። ቦር ከሄደች ማን ያገኛታል? ሐሙስ ካልሆነ አይሆንም።

ያሰብኩትን ሁሉ ለኛማል ነገርኳት። መርፌዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«እሷን ጠይቀሃታል?»

«ምኑን?»

«በሰው ሁሉ ፊት ስሟ እንዲነሣ ትፈልግ እንደሆነ ነዋ። ያሷ ጉዳይ ነው ወይስ ያንተ?»

«ልክ ነሽ፣ ጠይቂልኝ» አልኳት። ይህ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ነው። ልኬት ተሳስቻለሁ ብላ ሆቴሉ ሁለተኛ ገባች። የመሰለችን መልስ እንዳለ አመጣችልኝ፦ «ከጠየቁኝ እናገራለሁ።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ተስፋዬ ራሱ እጥገና ቤቴ ድረስ መጣ። ሽቶው ከቤንዚኑ ሽታ በለጠ።

«ጋሽ ወርቁ፣ የእሑዱን ንዴት ነው በለው። ለነገ ደህና ፊት ይዘህ ና። እሷ እኮ እንደ ልጄ ናት።»

«እንደ ልጅህ?»

«እንደ ልጄ።»

«አልሰማሁህም፣ ጄኔሬተሩ ይጮሃል። እንደ ምን?»

«እንደ ልጄ» ብሎ ጮኸ። ኛማልም ሰማች፤ ከዚያ ማዶ ያለው የቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂም ሰማ። ጥሩ።

የእሱንና የወንድሙን ጄኔሬተሮች በሙሉ ለዓመት እንድይዝ ሊዋዋለኝ ፈለገ። «ነገ እንገናኝ» አልኩት። «ትታረቃለህ ማለት ነው?» አለኝ። መፍቻ ፍለጋ ጎንበስ አልኩ፤ እስኪሄድ ድረስም አላገኘሁትም።

ለነገ የሚያሰጉኝ፦

በላቸው ይፈራል።

ማኅበርተኛው ይርበዋል። የተራበ ሰው ደግሞ ቶሎ ታረቁ ይላል።

መሰለች ትደነግጣለች።

እኔ እሳደባለሁ። ዋናው ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ቆርጫለሁ። ልጅቷ ፓስፖርቷን ታገኛለች፤ ተስፋዬም ሌባ ያለኝን አፉን በዚያው ሰው ፊት ይመልሳል። ከሁለቱ አንዱን አልለቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሳልተኛ ልጽፈው ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የኛማል የጠረጴዛ ልብስ ያምራል። የበጉ ወጥ ሽታ ከወጥ ቤት ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ምራቁን ይውጣል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ባረኩ። በላቸው ጽዋውን ይዞ ተነሣና እንደ ደንቡ ጠየቀ፦ «የተቀያየመ አለ?» ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። እንዳልነሣ እየጸለየ እንደነበር አውቃለሁ።

ተነሣሁ። «አለ። እኔና ተስፋዬ።»

ጉምጉምታ ሆነ። አንዱ «ወጡ ይቀዘቅዛል» ሲል ሰማሁ። ተስፋዬ ፈገግ ብሎ፣ «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ሽማግሌ ናቸው» አለ።

«እኔ አላልኩም» አልኩ። «አስቀድሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። መሰለች ምንህ ናት?»

«ነግሬሃለሁ እኮ። እንደ ልጄ ናት።»

«እንግዲያው ልጅ በአባቷ ድግስ ላይ ጓዳ ምን ታደርጋለች? መጥታ ከጎንህ ትቀመጥ።»

ሰዉ ተስፋዬን አየ። ልጄ ብሏልና ምን ይበል? ጠሯት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። አጠገቡ ያለችው ማኅበርተኛ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

ከዚህ በኋላ የምናገረው እኔ አልነበርኩም። በላቸውን አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ ልጅቷን አያት። አንድ ጊዜ ወደ በሩ አየ፤ ሱቁን ሊዘጋ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«ፓስፖርቴን» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን ሁሉም ሰማው።

ተስፋዬ ማስረዳት ጀመረ። እንዳይጠፋባት ነው፤ ከተማው መጥፎ ነው፤ ያመጣኋት በወጪዬ ነው፤ እኔ ባላመጣት የት ነበረች። በላቸው ጽዋውን ደረቱ ላይ አስጠጋው። ጠላው ጣቱ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ ጽዋ ከእጄ አይወጣም። ተስፋዬ፣ ልጅቷን ልቀቃት።»

ምን እንዳለ የገባው ካለው በኋላ ነው፤ እስከ ጆሮው ቀላ። ከኋላ አንዲት ማኅበርተኛ፣ «ተስፋዬ፣ የሙሴ ጓጉንቸር ሳይመጣብህ ልቀቅ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተስፋዬ ለቁጣ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለሳቅ ግን አልተዘጋጀም። ተነሥቶ ወደ ቢሮው ገባ።

ሲመለስ በእጁ የያዘው አንድ ፓስፖርት አልነበረም። ሦስት ነበር። በላቸው መነጽሩን አደረገና ስም እየጠራ አደለ። አልጋ የምታነጥፈዋና እንጀራ ጋጋሪዋ ከጓዳ እየሮጡ መጡ። እኔ እንኳ ስለ እነሱ አላውቅም ነበር። የሦስቱን የደመወዝ ሒሳብ በላቸው ራሱ ተቀምጦ ያስታርቃል፤ ቀኑም ተቆርጧል።

አሁን የእኔ ተራ ነበር። ተስፋዬ ቆሞ እንዲህ አለ፦ «የጠየቃችሁትን ሰጥቻለሁ። ይህ ሰው ግን ከግቢዬ ሰው አውጥቷል። ያልኩትን ቃል አላነሣም። በዚህ ከታረቀ ይታረቅ፤ ካልታረቀ ይተወው፤ ነገሩ ሁሉ ወደነበረበት ይመለስ።»

በላቸው በልመና አየኝ። ያውቀኛላ። በአንድ ብሎን የተነሣ ከገዛ ወንድሜ ጋር ዓመታት ሳልነጋገር የኖርኩ ሰው ነኝ። አፉን አስመልሰዋለሁ ብዬ ትናንት የጻፍኩት አለ፤ ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግርም ነበር። ግሩም ንግግር ነበር።

መሰለችን አየሁ። እሷ እኔን አታይም። ፓስፖርቱን ገልጣ የገዛ ፎቶዋን እያየች ነበር።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ንግግሩ እዚያው ሆዴ ውስጥ ቀረ።

በላቸው ጽዋውን ለተስፋዬ ሰጠው፤ እኔም ከተስፋዬ እጅ ተቀበልኩ። ጠላው ሞቆ ነበር፤ ወጡ ግን በእርግጥም ቀዝቅዟል። ማንም አላማረረም። ቄሱ በደንቡ አሰሩን፦ ከዛሬ በኋላ ነገሩን ያነሣ በሚካኤል ፊት ባለዕዳ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ጽዋው መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። በሚመጣው ወር ድግሱ የእኔ ነው። ተስፋዬን እጠራዋለሁ፤ በደንብ አበላዋለሁ። ሌላ ልጅ አምጥቶ እንደሆነም እዚያው እጠይቀዋለሁ። ይህ አዲስ ነገር ነው፤ አሮጌ ነገር ማንሣት አይባልም።

መሰለች ኛማል ዘንድ አድራለች። ጠዋት ብቻዋን በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተሳልማ ተመለሰች። አገሯ ትግባ ወይም እዚህ ስፌት ትማር ገና አልወሰነችም። ምክር ልሰጣት አፌን ስከፍት ኛማል ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ዘጋሁት።

«አባባ» አለች መሰለች፣ «ያን ጊዜ በመፍቻ ያሳዩኝ አቅጣጫ ልክ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ በሌላ በኩል ነው። እኔ ወር ሙሉ የጸለይኩት ወደ ነዳጅ ማደያው ዞሬ ነው።»

ኛማል ሳቋ አላቆም ብሏት ክሩ ተበጠሰባት። እኔም ሳቅኩ። እግዚአብሔር ማደያው በኩልም ይሰማል ማለት ነው።

በላቸው ሱቅ ሄጄ ስኳር ገዛሁ። ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ሰው ሁሉ «ሙሴ» ሲለው አሁን በትክክል ይዞራል። እኔን ደግሞ አንዳንዱ ማኅበርተኛ በሳቅ «ሌባው መጣ» ይለኛል። ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ።

ማታ ላይ ኛማል ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ተስፋዬ ያለህ ነገርስ? አፉን ሳይመልስ ዝም ልትል ነው?»

«የቱን ነገር?» አልኳት።

«እሱን ነዋ፣ ሌባ—»

«አላውቀውም።»

ሁለተኛ ጠየቀችኝ፤ አላውቀውም አልኳት። ሦስተኛም። ግትር ነህ አለችኝ። ነኝ። «ይቅር ብያለሁ» ያልኩት ከአንደበቴ ወጥቷል፤ አልመልሰውም። እሱ ያለኝ ቃል እዚህ ደብተር ላይም ከዚህ በኋላ አይጻፍም።