ስለ ዳማ ማሳከክ ለእንስሳት ጤና ጣቢያው ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የእንስሳት ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱልን? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ጠረጴዛዎ ደህና ናችሁ? ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ በተለይም ከወገብዎ በታች እጅ በቀላሉ በማይደርስበት ቦታ ምንም የማሳከክ ስሜት እንዳይሰማዎ ከልብ እመኛለሁ። ማሳከክ ምን ያህል ክፉ ነገር እንደሆነ ሰባት ወር ሙሉ በቤቴ ስላየሁት፣ እንኳን ለእርስዎ ለባላንጣዬም አልመኘውም።

ውሻዬን ይዤ ዘጠኝ ጊዜ ፊትዎ ቀርቤ ዘጠኝ ጊዜ «አዲስ ነሽ?» ስላሉኝ፣ በዚህ ደብዳቤ ለአሥረኛ ጊዜ ራሴን ባስተዋውቅ አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ። በሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር የደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብረውኝ የሚኖሩት አባቴ ዕድሜያቸውን በሰዓት ሠሪነት የፈጁ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው የቤታችን ሰው ዳማ የሚባለው ውሻ ነው። ማንም አላሠለጠነውም፤ ግን ደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ አባቴም ማሰሪያው ሲላላ እግራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በዚህ ዓይነት ሁለቱ በየጠዋቱ እስከ ቀድሞ ባልደረባቸው የሰዓት ሱቅ ወርደው፣ አባቴ የተበላሸ ሰዓት ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ሕመሙን ከተናገሩ በኋላ ይመለሳሉ። ዳማ ከሌለ አባቴ ከሦስተኛ ፎቅ አይወርዱም። ነገሩ የአንድ ውሻ ጠጉር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ ብዬ ነው ይህን የማስረዝመው።

ጣቢያዎ ቁጥር ያልያዘ ሰው እንደማያስተናግድ ስለተማርኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዓይንዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንመጣ ዳማ ከጅራቱ ሥር መዳፍ የሚያህል ቦታ ተመልጦ፣ ቆዳው ቀልቶና አዥቶ ነበር። «ውሻዎን ምንጣፉ ላይ ያስቀምጡ» በሚለው ማስታወቂያ መሠረት በመጠበቂያ ክፍሉ ግራጫ ምንጣፍ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ተራውን ከጠበቀ በኋላ ገባን። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ በአራት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው ከመነጽርዎ በላይ አዩት። ሌላው ሐኪም ቢሆን ጠጉሩን ገለጥ ለማድረግ፣ ቆዳውን ለመዳሰስ ወይም ናሙና ለመውሰድ ጊዜውን ባባከነ ነበር። እርስዎ ግን ሻምፑ አዘዙና፣ ምን እንደሆነ ብጠይቅዎ «ውሻ ነው፤ ውሻ ያካል» ብለው አስተማሩኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ባለማወቄ አፍሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ንጽሕናችንና ስለ ሸንቃጣነታችን። የመጀመሪያው ሻምፑ ሲያቅተው ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ሲያቅተው ሦስተኛና አራተኛ አዘዙ። ዳማ በየሁለት ቀኑ ከመታጠቡ የተነሣ በሕንጻችን ውስጥ ከእሱ የበለጠ ንጹሕ ነዋሪ አልነበረም። ከዚያ ጥፋቱ የምግብ ነው ብለው መጀመሪያ ዶሮ፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ ቀጥሎ እንቁላል ከለከሉት። ድንችና ሩዝ ብቻ ሲቀርለት አባቴ «እሱ እያየኝ እንዴት እበላለሁ?» ብለው ድንቹን አብረውት ይበሉ ጀመር። ሁለቱም በእኩል ከሱ፤ የሚያከው ግን ያው አንዱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፕላስቲኩ አንገትጌ። ዳማ ቁስሉን እንዳይነክስ በአንገቱ ዙሪያ አጥልቀን ቀንና ሌሊት እንዳናወልቅ አዘዙ። አባቴን ደረጃ የሚያወርደው ይህ ውሻ መሆኑን፣ በዚህ ነገር ውስጥ ሆኖ ከአፍንጫው በታች ያለውን ማየት እንደማይችል ነግሬዎ ነበር። እርስዎም «ይለምደዋል» አሉ። በአራተኛው ቀን፣ እኔ የልብስ ጨርቅ ለመረከብ በወጣሁበት ሰዓት፣ አንገትጌው የደረጃውን ብረት ሲመታ ዳማ ደንግጦ ወደ ኋላ ተፈናጠረ፤ አባቴም ማሰሪያው ሲላላ እግራቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ደረጃው ግን ገና ነበርና ወደቁ። ስመለስ በሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው፣ የቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው፣ በግራው ውሻውን እያሻሹ አገኘኋቸው። የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ያሉኝ ነገር ቢኖር ውሻውን እንዳልቆጣው ብቻ ነው። ክቡር ሆይ፣ እንደተናገሩት ሁለቱም ለመዱት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ከቤት አይወጣም ነበርና።

አራተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ። የምድር ቤቷ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ የውሻ ጠጉር አየሁ ብላ ስትከስ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴው ሰብሳቢ በሽታው ይተላለፍ እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቁዎ። እኔ ሰባት ወር የጠበቅሁትን መልስ እሳቸው በሁለት ቀን አገኙ፦ «ተላላፊ ሊሆን እንደሚችል አይካድም።» ማኅተሙ ደምቆ ተመቷል። ኮሚቴውም ዳማ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከሕንጻው እንዲወጣ ወሰነ። በእጅዎ ነክተውት የማያውቁትን ቆዳ እንዲህ አድርገው መመርመርዎ ችሎታ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ላቋርጥና፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ፤ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ሳይሰሙት ይቀራል ብዬ ሰጋሁ።

አባቴ እጃቸው ታስሮ ቤት ሲውሉ ሥራ ፈቱ። ዕድሜ ልኩን የሰዓት ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ከመስፊያ ሣጥኔ ቁልፎች ተቀበሉኝና፣ ዳማ ማከክ በጀመረ ቁጥር አንድ ቁልፍ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሉ ጀመር። እኔ ማታ ማታ ቆጥሬ የሰው ልክ በምጽፍበት ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ሰኞ አርባ አንድ። ማክሰኞ ሠላሳ ስምንት። እያለ እያለ ወደ አሥራ አምስት ወረደ። በዚህ መካከል ቀጠሯችን ደርሶ ወደ እርስዎ ወሰድኩት፤ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮው ውስጥ ስልሳ ሁለት ቁልፍ ተገኘ። እንደገና ወረደ፤ እንደገና ቀጠሮ፤ እንደገና ሽቅብ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ አባቴ ደብተሩን አስነበቡኝ።

«ልጄ፣ ይህ ውሻ የሚታመመው ሐኪም ቤት ሲሄድ ነው» አሉኝ።

ሳቅሁባቸው፤ እውነት ለመናገር ተቆጣኋቸውም። ደክሞኝ ነበር። የሚያልቅ ሥራ ነበረብኝ፣ ዳማ ከሕንጻው ሊወጣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ እሳቸው ደግሞ ቁልፍ ይቆጥራሉ። ከአሳባቸው አልመለስ ቢሉኝ የሰዓት ሱቁ ባለቤት ታላቅ ወንድም የሆኑትን ጡረተኛ የከብት ሐኪም አስመጣሁላቸው። ሰውየው ጃኬታቸውን አወለቁና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ክቡር ሆይ፣ ዳማ በሰባት ወር ውስጥ የሐኪም እጅ ሲነካው ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ እኔ ምክንያቱን ሳላውቀው ወደ ማድ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ስመለስ የወገቡን ጠጉር በጥርሰ ደቃቅ ማበጠሪያ አበጥረው፣ የወጣውን ጥቁር ደቃቅ ነገር ውኃ በነካው ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አራግፈውታል። ጥቁሩ ነጥብ እርጥበቱ ሲነካው ዙሪያው ቡናማ ቀይ ሆነ። የቁንጫ ኩስ ነው፣ ቀዩ የራሱ የዳማ ደም ነው አሉኝ። አንዳንድ ውሻ የቁንጫ ምራቅ አይስማማውም፤ ሌላውን ውሻ ሃያ ቁንጫ ቢነክሰው የማያመውን፣ እሱን አንድ ሁለቱ ቢነክሱት ለሳምንታት እንደሚያሳክከው አስረዱኝ። በየሁለት ቀኑ በሚታጠብ ውሻ ላይ ደግሞ ቁንጫውን ራሱን ማግኘት ከባድ ነው። መጀመሪያውን ከየት እንዳመጣው አናውቅም፤ ያን በእርስዎ አላሳብብም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የነገረችኝ የጣቢያዎ ጽዳት ሠራተኛ ናት። የመጠበቂያ ክፍሉ ምንጣፍ እሷ ከተቀጠረች ጀምሮ ታጥቦ እንደማያውቅ፣ መድኃኒት እንዲረጭበት ሁለት ጊዜ ጽፋ እንደጠየቀች፣ እሷም ራሷ ቁርጭምጭሚቷን እያከከች እንደምትሠራ አጫወተችኝ። እባክዎ አይቅጧት፤ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በሽታውን ያወቀች እሷ ብቻ ናት።

ሐኪሙ ያዘዙት ይህ ነው። በየወሩ ማጅራቱ ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት፤ ለቁስሉ የሚዋጥ ክኒን፤ መኝታውንና አልጋ ልብሳችንን በፈላ ውኃ ማጠብ፤ የወለሉን ስንጥቅ ሁሉ እየጠረጉ እንቁላሉን ማስወገድ። ይህንም ቢያንስ ሦስት ወር ሳያቋርጡ ማድረግ፣ ምክንያቱም እንቁላሉ እየቆየ ይፈለፈላል። አንገትጌውን አወለቅን። ሥጋውም ተመለሰ፤ ለሁለቱም። በሁለተኛው ሳምንት ቆርቆሮው ውስጥ ዘጠኝ ቁልፍ ነበር፣ በሰባተኛው ሁለት። ከጅራቱ ሥር አዲስ ጠጉር እንደ ሕፃን ፀጉር ሳስቶ ወጣ። የአባቴ አንጓ ትንሽ ጠመም ብሎ ገጠመ፤ ማሰሪያውን የሚይዙት በግራ ስለሆነ ግድ የለም ይላሉ።

አምስተኛና የመጨረሻው። የኮሚቴው ሰብሳቢ መጥተው ዳማን ደባብሰው፣ መዳኑን አይተው፣ ቀኑን በሁለት ወር አራዘሙልን። ነገር ግን በማኅተም የመጣ ቃል በማኅተም እንጂ አይሻርም አሉ። እኔም የጡረተኛውን ሐኪም ጽሑፍ ይዤ አራት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። መልስዎ አራቱንም ጊዜ አንድ ነበር፤ ውሻው በአካል ቀርቦ፣ ተራ ይዞ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ካልጠበቀ ወረቀት አይሰጥም። ማለትም፣ ውሻዬ መዳኑ እንዲታወቅለት መጀመሪያ ይታመም።

ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የማሳውቅዎ፣ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት አባቴ፣ ዳማና እኔ በጣቢያዎ ደጃፍ፣ ከበሩ ውጭ ባለው ሲሚንቶ ላይ እንቆማለን። ወደ ውስጥ አንገባም። ከወንበርዎ እስከ እኛ አሥራ ሰባት እርምጃ ነው፤ ለክቶልኝ የመጣው የልብስ ሜትሬ ነው። ተነሥተው ይምጡና እጅዎን ወገቡ ላይ ያሳርፉ። አይነክስም። ከዚያ በኋላ የሚጽፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ብዕሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ካልመጡም እስከሚዘጋ ድረስ እንቆማለን፣ ዓርብም እንመለሳለን። አባቴ መቆም አይከብዳቸውም፤ አሁን የሚያሳስባቸው መቀመጥ ነው።

ዘጠኝ ጊዜ አይተዋት የማያውቋት፣
ትዕግሥቷን ከጣቢያዎ የተማረች፣
አክባሪዎ የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለከተማችን ጋዜጣ ልሰጥ ስል፣ ባለፈው ቅዳሜ የተከበሩ ባለቤትዎ ትንሿን ነጭ ውሻችሁን አቅፈው ከጡረተኛው ሐኪም ቤት ሲገቡ በር ላይ ተገናኘን። ከወገቧ በታች ተመልጣለች፤ ምስኪን። ተራ አልጠበቁም፣ ሐኪሙም ወዲያው ተንበርክከው አበጠሯት፣ ትድናለችም ብለዋል። እርስዎን ለምን እንዳላማከሩ ስጠይቃቸው ባለቤትዎ በጣም ጨዋ ሰው ስለሆኑ፣ ቢሮዎ ሥራ ይበዛበታል አሉኝ። እንግዲህ ወደ ቤት ከመግባትዎ በፊት ሱሪዎን ደጅ ላይ ማራገፍዎን አይርሱ።