ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ጀሶ

ኖቬምበር 2
ልብስ አጠብኩ። ፉል ቀቀልኩ። መሐንዲሱ ነቢል መጥቶ መኝታ ቤት ያለው ስንጥቅ ላይ ሦስት ቦታ ጀሶ ለጠፈበት፤ ቀኑንም ጻፈበት። «ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ልጅሽን ይዘሽ ውጪ» አለኝ። አባባ ሳቁበት። «ቤት ምን እግር አለው?»

ኖቬምበር 9
ጀሶው ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ... ልጄን ሃጀርን እዚያው ግድግዳ ሥር አስተኛኋት። ሌላ ክፍል የት አለን?

ኖቬምበር 17
ሁለት ቀን ሙሉ ማዕበል። ባሕሩ አስፋልቱ ላይ ወጣ። የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ጀሶው ግን ምንም አልሆነ። እንዴት?

ኖቬምበር 18
ከገበያ ቶሎ ተመለስኩ። አባባ ወንበር ላይ ቆመዋል። በሻይ ብርጭቆ ጀሶ በጥብጠው በማንኪያ እየለጠፉ! ቀኑንም ራሳቸው ጽፈውታል፤ ኖቬምበር 2 ብለው።
«ስንት ጊዜ?» አልኳቸው።
ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ከተቱት።
«አባባ፣ ስንት ጊዜ?»
«በየቀኑ ይሰነጠቃል... እናትሽ የሞተችው እዚህ ክፍል ነው። ወዴት ልሂድ?»
«ሃጀር እኮ ሥሩ ነው የምትተኛው!»
ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ጮኼባቸው አላውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። ጨከንኩ።

ኖቬምበር 20
አከራያችን ሐጅ ፋኽሪ ዘንድ ሄድኩ። ውሉ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።
«የቤቴን ስም አታጥፊ! አለት ነው።»
«እንግዲያው እርስዎ ይተኙበት» አልኩ። ውሉ እንዲፈርስ ፈረምኩ።

ዲሴምበር 6
አዲሱ ቤት። ባሕር አይታይም። አባባ እህል አይቀምሱም። ዛሬ «ልጅሽን ልገድልብሽ ነበር» አሉኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አልኳቸው። ይቅር ብያለሁ እንዴ? እንጃ...

ዲሴምበር 23
የድሮው ቤት ዘበኛ ደወለ። «እትዬ እንሺራሕ፣ አባትሽን ውሰጂልን። በየጠዋቱ እየመጡ ሰው አስቸገሩ።»
ለካ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጡ እዚያ ነው የሚሄዱት! ሐጅ ፋኽሪ ግድግዳውን ለስነው፣ ቀለም ቀብተው፣ ለሙሽሮች አከራይተውታል።
ስደርስ አባባ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ዘምቢሏን ይዛ ቆማለች።
«ልጄ፣ በአላህ ውጪ» ይሏታል። «ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ነው። እኔ ራሴ እየደፈንኩ ሰው ሳታልል ነበር።»
ሙሽራዋ ሳቋን ያዝ አድርጋ «አርጅተዋል አይደል?» አለችኝ በጆሮዬ።
«እውነታቸውን ነው» አልኳት።
አላመነችኝም። ባሌ ሲመጣ ንገሩት ብላ ገባች።
አባባን እንሂድ አልኳቸው። እምቢ አሉ። እጃቸው በረዶ ሆኗል። ሻሌን አለበስኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባልየው እስኪመጣ ሁለታችንም ጠበቅነው።