በዓይን ጥግ የታየ ባና

መንዝ፣ ጥቅምት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ተክለጻድቅ፣

ወዳጆን ገደል ውስጥ እንዳሰርከውና ለእሁድ ሞት እንደፈረድክበት ትናንት ጠዋት ሰማሁ። ጤናህን ሳልጠይቅ መጀመሬን አትቀየመኝ፤ ቀኑ እየሄደ ነው።

ጣሊያኖች ቁስለኞቻችሁ የተኙበትን ዋሻ ያገኙት መንገድ መሪ ይዘው ነው። ያ መሪ ወዳጆ ነው ያሰኘችው ደግሞ ሚስትህ ጌታነሽ ናት። በአገሩ ቀይ የሱፍ ባና የሚለብስ እሱ ብቻ ነውና፣ «ከፊት የሚሄደው ቀይ ባና ደርቧል» ስትል ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ልጅቱ አልዋሸችም። አንተ ግን በምን ሁኔታ እንዳየችው አልጠየቅካትም።

አባታችንን ለምሳ እያስታጠበቻቸው ነበር። ሙሽራ አማቷ ፊት ቀና ብላ መንገደኛ አታይም፤ ብታይ ኖሮ መጀመሪያ «ስድ» የምትላት አንተ ነህ። ዓይኗ ውሃው ላይ እንደተተከለ፣ ወታደሮቹ ከአጥሩ ወዲያ ሲያልፉ በዓይኗ ጥግ አየቻቸው።

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ደጅ አስቀመጥኳትና፣ «ያንን ግንድ ብቻ እይ» ብዬ ከጎኗ አንድ የሱፍ ክር ጥቅል ቀስ እያልኩ አመጣሁ።

«መጣ፣ አየሁት» አለች።

«ቀለሙስ?»

«ቀይ።»

«እስቲ ዙሪ።»

ጥቁር ነበር። ደገምነው። አረንጓዴውን ጥቁር አለችኝ፤ ቀዩን ባመጣው «እንጃ፣ እትዬ» አለች። የሚንቀሳቀስ ነገር መኖሩን ወዲያው ታውቃለች፤ ቀለሙ የሚለይላት ግን ወደ ፊቷ ሳቀርበው ነው። የጎደለውን ልቧ ይሞላላታል።

«ታዲያ ቀዩን ማን ነገረኝ?» ብላ አለቀሰች። እኔ አውቃለሁ። ሞላሌ ከጣሊያኖች ምሽግ አጠገብ በግ ይሸጣል እየተባለ ወዳጆ ሲታማ የሰነበተው በእኛው ቤት ነው።

አሁን የምትለው ይሰማኛል፤ «እህቴ ሽማግሌ ልኮባት የነበረውን ሰው ልታስጥል ነው» ትላለህ። እውነትህን ነው። አባታችን እምቢ ሲሉ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ ግን እወደው ነበር። ዛሬም እወደዋለሁ። ይኸው ተናገርኩ፣ ደስ ይበልህ።

ያን ዕለት፣ በዚያችው ሰዓት፣ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ወዳጆ ወደ ገብሱ ሲወርድ አይቼዋለሁ ብዬ ልምልልህ ተነስቼ ነበር። በታቦት ፊት እምል ነበር። ጌታነሽ ግን እንባዋን ጠርጋ፣ «እስቲ እርስዎም ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። አንዱንም ቀለም አላወቅኩትም።

ያኔ ነው ያ ዕለት ትዝ ያለኝ። እንስራ አዝዬ አጎንብሼ ነበር። ከዚያ ከእምቢታው ወዲህ ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም፤ እሱ ነው ብዬ ካሰብኩ ቀና አልልም። ስለዚህ ቀና አላልኩም። በጎኔ አንድ ሰው አለፈ፣ ባናውን ቀይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ልምልልህ አልችልም።

እንግዲህ ለወዳጆ የሚምል የለም፣ በወዳጆ ላይም የሚምል የለም። ጌታነሽ ቃሏን አንስታለች፤ ይህን ወረቀት ይዛ ገደሉን የምትወርደው ራሷ ናት፣ አባታችን ቢቆጧትም አልሰማቻቸውም። ካላመንክ ከሰዎችህ አንዱን አስቀምጠህ ሞክረው።

ምናልባት መርቷቸው ይሆናል። አላውቅም፣ ይህ አለማወቅ ውስጤን እየበላኝ ነው። አንተም አታውቅም። ሳታውቅ ከገደልከው ሬሳውን ለምኜ የምቀብረው እኔ ነኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት እንደ ባሌ አለቅስለታለሁ፤ ለአንተም ሁለተኛ አልጽፍም።

እስከ እሁድ ድረስ እህትህ፣
ወለተኪዳን