ዝምታችንን ላመሰገኑልን ክቡር ዳኛ

ለክቡር ዳኛ ዋላስ ሃርግሬቭ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ፍርዱን ባነበቡበት ዕለት ደጋግመው ሲያስሉ ሰምቼ ስለ ነበር ጉንፋኑ ለቆዎት እንደ ሆነ በእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ስሜ ኢሳክ ቴይክሪብ ይባላል። የሊንደንታል ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። አርባ ዓመት የእርሻ ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ባለቤቴ ጁስቲና ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። እርስዎ ግን ስሜን ያውቁታል፤ በዲትሪሽ ሎፕኪ ላይ በፈረዱበት ቀን ከቀረቡልዎት አርባ አንድ የድጋፍ ደብዳቤዎች የእኔን መርጠው ለችሎቱ ጮክ ብለው አንብበዋልና። የጻፍኩት ነገር በአደባባይ ሲነበብልኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ይህን ሁለተኛውን ለጋዜጣ የሰጠሁት ዳግመኛ የማንበቡን ድካም ላቀልልዎት ብዬ ነው።

ጉዳዩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ሎፕኪ የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ በእኛ በሜኖናይት ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያንም መዝሙር ይመራ ነበር። የአረጋውያን መኖሪያ እሠራላችኋለሁ ብሎ ከስልሳ ሦስት ቤተሰብ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም የሕንፃውን ሥዕል እያሳየን፣ ስለ መስኮቱ ስፋትና ስለ ወጥ ቤቱ እያማከረን ኖረ። የተሠራው መሠረቱ ብቻ ነው፤ ዛሬ ኮሸሽላ በቅሎበታል። ቀሪው ገንዘብ ሞቃት አገር ሁለት ቤትና ሐይቅ ላይ አንድ ጀልባ ሆኖ ተገኘ። ክቡርነትዎ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን ሲቀነስለት፣ ፈረዱበት፤ እሱንም በገዛ ቤቱ ተቀምጦ እንዲጨርሰው ፈቀዱለት።

እንግዲህ ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች፣ ቅሬታ ካልኳቸው ይቅር ይበሉኝና፣ በቁጥር ላቅርብ።

1. ስለ ቅጣቱ ክብደት። እኛ በካናዳ በማኒቶባ የምንኖር ሰዎች ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ከቤት አለመውጣት ቅጣት መሆኑን እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር፤ ብርድ ነው እያልን ዝም ብለን ስንቀጣ ኖረናል። ስላስተማሩን እናመሰግናለን። የሎፕኪ ቤት ወለሉ ከሥር ይሞቃል፤ የገባሁበት ስለሆነ አውቃለሁ፣ ካልሲ አውልቄ ነበር የተቀመጥኩት። በፍርዱ ማግሥት ጠዋት ነዳጅ ማደያው ውስጥ ሽማግሌዎች ቡና ከምንጠጣበት ጠረጴዛ ላይ አንዱ፣ «ቆይ፣ ያቺን አንዷን ቀን ለምን ቀነሱለት?» ቢል ሌላው ቀና እንኳ ሳይል፣ «ልደቱ ትሆናላ!» አለው። ሕጉ ምክንያቱን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ከዚያ ጠረጴዛ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን ያገኘ ሰው የለም።

2. ስለ ጠዋቱ ሰውዬ። ከሎፕኪ በፊት ሌላ ተከሳሽ ቀርቦልዎት እንደ ነበር ያስታውሱ ይሆናል፤ ከሦስት እርሻ ጄኔሬተር የሰረቀው ባለ ሰማያዊ ሹራብ። አሥራ ስምንት ወር ወህኒ ቤት አሉት፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥም ወሰዱት። ስለ እሱ ደግነት የጻፈ ሰው አልነበረም። ሦስቱ ጄኔሬተሮች ተገኝተው ለባለቤቶቹ እንደ ተመለሱም እዚያው ሲነገር ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎን ለማረም አይደለም፤ ሰውዬው ስህተት መሥራቱ ግልጽ ነው፤ ጄኔሬተር ከመስረቅ ይልቅ መዝሙር እየመራ የሕንፃ ሥዕል ማሳየት ነበረበት።

3. ስለ ዝምታችን። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ብል ይታገሡኝ።

«ከስልሳ ሦስት ቤተሰብ አንድም ሰው የደረሰበትን ጉዳት ለዚህ ፍርድ ቤት አለመግለጹ ስለ ጉዳቱ መጠን የሚናገረው ነገር አለ» ብለዋል። ቀጥለውም ወደ እኛ ወደ ተቀመጥነው ዞረው፣ እንዲህ ያለ ይቅር ባይ ሕዝብ አይተው እንደማያውቁ ተናግረው አመሰገኑን። ወንበሩ ላይ ከነበርነው ግማሾቹ በደስታ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ፤ አልዋሽዎትም።

ያልነገርንዎት ይህ ነው። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው በወንድሞች ጉባኤ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናዘዛል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ «የሚቃወም ይነሳ» ይላል፤ ካልተነሳ ይቅር ተባለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ በአፍ አይነሳም። ያነሳው ሰው ራሱ በደለኛ ሆኖ ይቆማል። ሎፕኪ ባለፈው ጥር ቆመ፣ አለቀሰ፤ ማንም አልተነሳም። በመጋቢት ወር ከፍርድ ቤት ለየቤቱ ፖስታ መጣ፤ ተበዳይ የደረሰበትን ጉዳት በገዛ ቃሉ እንዲጽፍበት። ሽማግሌ ሂልደብራንድ በጉባኤው ፊት ፖስታውን ከፍ አድርጎ አሳየንና፣ «ወንድሞች፣ ይቅር ብለናል አይደል? ታዲያ ይሄን ወረቀት ምን እናድርገው?» ሲል ከኋላ አንዱ፣ «ምድጃ አለን እኮ!» አለ። ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት።

ክቡር ሆይ፣ ፍርድ ቤቱ ባዶ ያገኘው መዝገብ በዚህ መንገድ ነው ባዶ የሆነው። እኛ ጽድቅ ነው ብለን ዝም አልን፤ እርስዎ ዝምታችንን አይተው አልተጎዱም አሉ። ከሁለታችን የትኛችን የበለጠ ሞኝ እንደ ሆንን ለመወሰን እውቀቴ አይበቃም፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ለአንዳችን ብቻ ነው።

4. አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ የማቀርብለት ሌላ ዳኛ ስለሌለ እዚሁ ላስገባው። የሎፕኪ ጠበቃ ወጥ ቤቴ ድረስ መጥተው የእጅ ጽሑፌን አመሰገኑልኝና ስለ እሱ የማውቀውን መልካም ነገር እንድጽፍ ጠየቁኝ። ጁስቲና በጥር ወር ስታርፍ መሬቱ በውርጭ እንደ ብረት ደርቆ ነበር፤ መቃብር በጎረቤት እጅ መቆፈሩ ልማዳችን ነውና ሎፕኪ በዶማ ቆፈረ፣ መዳፉም ተልጦ ደማ። ይህን ጻፍኩ። እውነት ነው። እርስዎም ያነበቡት ይህንኑ ነው፤ «ለጎረቤቱ መቃብር የሚቆፍር ሰው ወህኒ ቤት የሚጨምርለት ነገር የለም» አሉ። የቆፈረበትን ጊዜ ግን እኔም አልጻፍኩም፣ እርስዎም አልጠየቁም፤ በዚያ ጥር የጀልባውን ዋጋ በእኛ ገንዘብ ከፍሎ ጨርሶ ነበር። ያወቅሁት ከክሱ ወረቀት ላይ ነው፤ ደብዳቤዬን ስጽፍ ወረቀቱ በእጄ ነበር። ይህን የተውኩት ቅዱስ ልምሰል ብዬ ነው ወይስ ወንድሞች ይታዘቡኛል ብዬ፣ ብዙ ማለዳ ተንበርክኬ ራሴን ጠይቄ መልሱን አላገኘሁትም። ከሁለቱ አንዱ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ይኼም አልበቃኝም። የጁስቲና ታላቅ እህት አጋታ ኔውዶርፍ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቤቷን ሸጣ ከሎፕኪ ሥዕል ላይ ክፍል ቁጥር ሰባትን ገዛች። ክፍሉ ሳይሠራ ቀረ፤ ቤቷም ተሸጧል፤ ስለዚህ መንግሥት ቦታ የተገኘበት ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ከተማ ወስዶ አስቀመጣት። ከሁለት ዓመት በፊት አንጎሏ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቶባታል፤ የቀራት የእናቷ ቋንቋ፣ የቤታችን ጀርመንኛ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚሰማው ሰው የለም። ሠራተኞቹ ደጎች ናቸው። ውኃ ስትጠይቃቸው ፈገግ ብለው ብርድ ልብስ ያመጡላታል። ስሄድ ሦስት ተደራርቦባት አገኘኋት።

ደብዳቤዋ ሁሉ በእኔ አድራሻ ነው የሚመጣው። የፍርድ ቤቱ ፖስታም በእኔ አድራሻ መጣ። ምድጃው ውስጥ የጨመርኩት ሁለት ነበር።

ከፍርዱ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሄጄ ሁሉን ነገርኳት። የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈለች ሰማችኝና፣

«ስለ እኔስ ምን አሉ ዳኛው?» አለችኝ።

«ምንም አላሉም።»

«ምንም? ሞታለች ብላችኋቸው ነው?»

«አጋታ፣ ያንቺን ወረቀት እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ይቅር ብለን ስለ ነበር ነው።»

ቅርፊቱን መዳፏ ላይ ተፋች። «አርባ ዓመት የሰው ትራክተር ስትፈታ አንዲት ብሎን ጥለህ አታውቅም ይሉሃል፤ የእኔን አፍ ነው የጣልከው?» አለች። ሳቀችም። «ጁስቲና ብትኖር በጭልፋ ነበር አናትህን የምትልህ።» ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ደግሞ ይቅር ያልነው እነማን ነን? እኔን ማን ጠየቀኝ?»

የወንድሞች ጉባኤ፣ ክቡር ሆይ፣ ስሙ እንደሚለው የወንድሞች ነው። ሴቶች አይገቡበትም። ለራሴ የደረሰብኝን ይቅር ብያለሁ፤ አሁንም አልመለስም። የአጋታን ይቅር ለማለት ግን ማን ሾመኝ? በስልሳ ሦስቱ ቤት ውስጥ ስንት ያልተጠየቀች ሴት እንዳለች ቆጥሬ አላውቅም ነበር፤ ሰሞኑን መቁጠር ጀምሬያለሁ።

ሰኞ ዕለት ወደ ፍርድ ቤቱ ቢሮ ሄጄ ሌላ ወረቀት ጠየቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና፣ «አባቴ፣ ይሄ እኮ ከፍርዱ በፊት ነበር የሚሞላው» አለችኝ። ዓቃቤ ሕጉ ደግሞ ይግባኝ ለማለት አሥራ አንድ ቀን እንደ ቀራቸው፣ ነገር ግን ተጎዳሁ የሚል ሰው ድምፅ ሳይሰሙ በማን ስም እንደሚጮኹ እንደሚቸግራቸው ነገሩኝ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ቢጻፍም ለቀሩት ስልሳ አንድ ቤቶች ጭምር ነው። አሥራ አንድ ቀን አለን። እህቶችን ጠይቁ። የሚሉትንም ጻፉላቸው።

ክቡርነትዎ ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ከመዝገቡ አውጥተው እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። በቦታው የሚከተለውን ያስገቡ። አጋታ ተናግራ እኔ እንዳለ የጻፍኩት ነው፤ ከጀርመንኛው ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ምንም አልጨመርኩም፦

«እኔ አጋታ ኔውዶርፍ ነኝ። መስኮቱ የእህቴን መቃብር ያያል ተብዬ ክፍል ገዛሁ። አሁን ያለሁበት መስኮት የቆሻሻ መኪና ማቆሚያ ያያል። ውኃ እጠይቃለሁ፣ ብርድ ልብስ ይሰጡኛል። ዲትሪሽን ይቅር ልበለው አልበለው ገና አልወሰንኩም። ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ። ከቤት አትውጣ ብለውታል አሉኝ፤ ለዚህ እንኳ ዳኛው ይፍቀዱለት።»

ለፍትሕ ላሳዩት ርኅራኄ፣ ለእኛ ለሰጡን ምስጋና፣ ለሎፕኪም ላተረፉለት የሞቀ ወለል ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ መልካም እንቅልፍ፣ በእርጅናዎም ጊዜ ቋንቋዎን የሚሰማ ጎረቤት እንዲሰጥዎት እጸልያለሁ፤ የመጨረሻውን በእውነት ነው የምጸልየው።

ታዛዥዎ
ኢሳክ ቴይክሪብ
ሊንደንታል፣ ማኒቶባ

ማስታወሻ፦ ይቅር የተባለን ነገር በጋዜጣ ላነሳ መሆኔ ስለ ተሰማ የፊታችን እሑድ ከአምልኮ በኋላ በወንድሞች ጉባኤ ፊት እንድቆም ተጠርቻለሁ። ተመለስ እባላለሁ፤ አልመለስም፤ ስለዚህ ከጌታ ማዕድ እለያለሁ። ሎፕኪ ለአምልኮ ከቤት እንዲወጣ በፍርድዎ ስለ ፈቀዱለት እሱም በጉባኤው ይገኛል፤ እንደ ማንኛውም ወንድም ድምፅ ይሰጥብኛል። የእኔ ቅጣት ቀን የለውም፤ የሚቀነስለትም ቀን የለም። በዚህ ሁሉ ጉዳይ በመጨረሻ አንድ ሰው በእርግጥ ስለሚቀጣ፣ ክቡርነትዎ በዚህ በኩል አሳብ አይግባዎት።