የዚን ፕዮ ጥያቄዎች

ሰኞ፣ ኦገስት 4

ዝናብ። ከአሥራ ስምንት የእንግሊዝኛ ተማሪዎቼ አሥራ አንዱ መጡ። እንደ ልማዳቸው... «ገባችሁ?» ስላቸው «ገባን ሰያማ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ምንም አልገባቸውም። ሰያማን፣ አስተማሪቱን፣ መጠየቅ ማስቸገር ነው ተብለው ነው ያደጉት። እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። የብስኩት ቆርቆሮውን በር ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። ስም ሳይጽፉ ጥያቄያቸውን ይከታሉ፣ በማግስቱ እመልሳለሁ።

ዛሬ አምስት ወረቀት። አራቱ ስለ «ሲንስ» እና «ፎር» ልዩነት። በየዓመቱ! መቼ ነው የሚሰለቻቸው? አምስተኛው፦ «ያለፈ ጊዜ ሲሆን መጨረሻ ላይ ያለችው ‹ኢዲ› አንዴ እንደ ‹ት›፣ አንዴ እንደ ‹ድ› የምትነበበው ለምንድን ነው?»

ጥሩ ጥያቄ። ጽሕፈቱ ግን... ወደ ግራ ያጋደለ። «አይ» ፊደል ላይ በነጥብ ፈንታ ትንሽ ክብ። እንዲህ የሚጽፍ አንድ ተማሪ ብቻ ነው የማውቀው። ዚን ፕዮ። እሱን ደግሞ ባሕር ከበላው ዓመት አለፈው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

መልሱን ሰጠሁ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

ዓርብ፣ ኦገስት 15

ሌላ ወረቀት መጣ። ያው የእጅ ጽሕፈት።

እህቴ ማ ትዌ ስነግራት ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! መንፈስ እንግሊዝኛ ይማራል እንዴ? እኔ በሕይወት እያለሁ አልገባኝም!» ቆይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሬሳው አልተገኘም አይደል? መነኮሳት ያልሸኙት ሰው መንገዱን አያገኝም ይላሉ።»

ወደ ቤቱ ይሂዳ። እኔ ጋ ምን አለው?

ምን እንዳለው አውቃለሁ።

እሑድ፣ ኦገስት 17

ልጻፈው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ቆርቆሮው ሳይኖር። በዚያ ሁሉ ዝምታ መሀል ዚን ፕዮ እጁን አወጣ። «ሰያማ፣ ይቅርታ... ‹ናይፍ› ሲጻፍ ፊቱ ላይ ‹ኬ› አለች። ካልተነበበች ለምን ትጻፋለች?»

አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት አስተምሬ አላውቅም! ፊቴ ጋለ። «አንተ መጀመሪያ ‹ናይፍ›ን ከ‹ናይት› ለይተህ ጥራ!» አልኩና አነጋገሩን ቀዳሁበት፤ «ናይ... ናይ...» እያልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣም። በትልልቅ መርከቦች ላይ ለመቀጠር ነበር የሚማረው፤ ለፈተናው የቀረው ሦስት ወር ነበር። ተወው። ወደ ታይላንድ ተሻግሮ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ተቀጠረ። ጀልባው አልተመለሰም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

የዛሬው ወረቀት በእኛው ቋንቋ ነው። «ሰያማ፣ ያንን ጥያቄዬን እባክዎ ይርሱት።»

ሌላ ምንም የለውም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት አድርጌ ልርሳው?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

የመብራት በዓል አለፈ። ተማሪዎቹ እንደ ወጉ ሊሰግዱልኝ መጡ። ፎጣ፣ ሳሙና፣ አንድ እጅ ሙዝ። ተንበርክከው «በሥራ፣ በቃል፣ በሐሳብ በድለንዎ እንደሆነ ይቅር ይበሉን» አሉ። መረቅኳቸው። ሲነሡ ኤይንድራ ሳትነሣ ቀረች። በጁን የገባችው ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ሰያማ... ወረቀቶቹን የምከተው እኔ ነኝ። የወንድሜ ናቸው፣ የዚን ፕዮ። ልብሱ መሀል አገኘኋቸው። ሊጠይቅዎ ጽፏቸው... መልሱን እኔ ልስማለት ብዬ ነው። አስቸገርኩዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

እህት እንዳለችው አላውቅም ነበር።

ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ወርጄ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ደነገጡ። ሰያማ ከተማሪ እኩል ወለል ላይ! ሁሉም እየሰሙኝ፣ «የጠየቀኝን አላውቀውም ነበር። አለማወቄን ልሸፍን ብዬ አሳቅኩበት። እኔ ነኝ አሳፍሬ ያባረርኩት» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። «አይ ሰያማ። እንደማያውቁት ወዲያው ገብቶታል። እማዬ ‹ተመለስና ተማር› ስትለው፣ ‹ሰያማን በሰው ፊት አሳፈርኳቸው፤ ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?› አላት። ያፈረው ለራሱ አልነበረም። ለእርስዎ ነው።»

ይሉኝታ። ለኔ ተሰቅቆ ነው ባሕር የገባው። ቂም ይዞብኝ ሄዶ ቢሆን በተሻለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ወረቀቶቹ አልቀዋል ብላኛለች ኤይንድራ። ቆርቆሮውን ስከፍት ግን አሁንም እጄ ያመነታል።

ዛሬ በትምህርት መሀል እጇን አወጣች። አንዳንድ ቃል መጨረሻው ላይ «ኤስ» ሁለት ጊዜ የሚጻፈው ለምንድን ነው አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ። «ፈልጌ ነገ እነግርሻለሁ።»

«እሺ ሰያማ» አለች። ሌሎቹ ቀና እንኳ አላሉም። መጻፋቸውን ቀጠሉ።

«አላውቅም» ማለት ይኸው ነበር? በቃ ይኸው?