ስለ አንድ በርና ስለ አራት ካርቶን የጥርስ ብሩሽ

ለሲቪሎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ

...አራተኛው ብሎን አልፈታ ሲላቸው በሩን ደግፌ የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ ካቻቪቴ የያዘው ወታደር «እትዬ፣ ትንሽ ወደ ላይ» ይላል፣ እኔም ወደ ላይ አነሣለሁ፣ እጄ ግን...

ይቅርታ ክቡር ኃላፊ፤ ሰላምታ ሳላቀርብ ከመሐል ጀመርኩ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም አምና ለጉዳይ መጥቼ ደጅ ስጠና ያየሁት፣ በቆዳ የተለበጠውና ድምፅ የማያሳልፈው የቢሮዎ በር ደህና ናቸው? እኛ ከበር በስተቀር ሁሉ አለን፤ ደህና ነን።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወታደሮች ጤና ጣቢያችን ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ሰፍረው ነበር። የምርመራ ክፍሉን በር ነቅለው ተኙበት፤ ሲሄዱም አነደዱት። የየትኛው ወገን እንደነበሩ መጠየቅዎ አይቀርም፤ በሩ አልጠየቃቸውም። በእነዚያ ቀናት በሰፈራችን ሴቶች ላይ የደረሰውን ጽሕፈት ቤትዎ «በግጭት ወቅት የተፈጸመ ጾታዊ ጥቃት» ይለዋል። እኛ ገና ስም አላወጣንለትም።

ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ለላኩልን መመሪያ እጅግ አመሰግናለሁ። ገጽ ዘጠኝ ላይ የተጎጂ ቃል «ምስጢራዊነቱ በተጠበቀ ዝግ ክፍል» ብቻ እንዲወሰድ ያዝዛል። የእኛ ክፍል ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን ከሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት አፉን ከፍቶ የቆመ ነው። አንሶላ ጋረድንበት። አንሶላ ዓይን ይመልሳል፤ ጆሮ ግን አይመልስም። በሚቀጥለው መኪና በር ይመጣል ብለን ስንጠብቅ «ዝምታውን እንስበር» የሚል ፖስተር መጣልን፤ በመርፌ ቁልፍ አንሶላው ላይ ሰቀልነው።

ሁለተኛ፦ በር እንዲሰጠን አምስት ጊዜ ጽፌ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ በር የሕንፃ ክፍል ጉዳይ መሆኑን፣ የሕንፃ ክፍሉም ይህኛው በር የጥበቃ ጉዳይ መሆኑን በትሕትና ገልጸውልኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ሦስተኛ፦ ስለ ጉብኝቱ። ምክትልዎ ከዘጠኝ እንግዶችና ከሦስት የታጠቁ አጃቢዎች ጋር ኮሪደራችንን ሞልተው፣ እናትና ልጅ፣ አማትና ምራት፣ ጎረቤትና ጎረቤት ጎን ለጎን በተቀመጡበት «ጥቃት የደረሰባችሁ እናቶችና እህቶች እጃችሁን አውጡ፤ አትፍሩ፣ የመጣነው ለእናንተ ነው» ሲሉ ድምፃቸው እውነትም ያምር ነበር። ከሴቶቹ አንዷን ልብስ ሰፊ እላታለሁ፤ ልብስ ሰፊ አይደለችም፣ ለመፈለግ አይድከሙ። በዚያ ጠዋት እንደመጣች ጆሮዬ ላይ «ዛሬ እናገራለሁ፤ ብቻ ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ በይ» ብላኝ ነበር። ቀና ስትል ከአጃቢዎቹ አንዱ በር የሌለው መቃን ላይ ተደግፎ በክብሪት እንጨት ጥርሱን ሲጎረጉር አየች። አወቀችው። እሱም ያወቃት መሰለኝ፤ ፈገግ አለ።

«እኔ ጥርሴን አሞኝ ነው የመጣሁት» አለች።

አጠገቧ ያለችውም «እኔም ጥርሴን ነው» አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። መጨረሻ ላይ አንዲት ድዳቸው ብቻ የቀረ አሮጊት «እኔም» ሲሉ ምክትልዎ ሣቁና «እማማ፣ ጥርስ እኮ የለዎትም» አሏቸው። «የነበረበት ቦታ ነው የሚያመኝ፣ ልጄ» አሉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ውጡልኝ ማለት ነበረብኝ። ወንበር አመጣሁ። ለምክትልዎ።

አራተኛ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚመጡት ሁሉ ጥርሳቸውን ነው የሚያማቸው። መዝገቡ ማንም በሚያየው ጠረጴዛ ላይ ስለሚውል እኔም «ጥርስ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ የማስታገሻ ክኒን እሰጣለሁ፣ ከዚያ እጄን እታጠባለሁ፣ ደግሜም እታጠባለሁ። የሩብ ዓመት ሪፖርትዎ በአካባቢያችን የጾታዊ ጥቃትን ቁጥር ዜሮ፣ የጥርስ ሕመምን ግን አሳሳቢ ብሎታል። አፋጣኝ ምላሽም ሰጡን፦ በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ካርቶን የጥርስ ብሩሽ። ለበሩ ዓመት ከሁለት ወር ጠብቀናል፤ ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ መፍጠን እንደሚችል በማወቃችን ተጽናንተናል።

አምስተኛው ይከብደኛል። በሰርኩላርዎ መሠረት የምስክርነት ቃል መቀበያው ዓርብ ይዘጋል፤ እስከዚያ አንድም ቃል ያልቀረበበት ቦታ «ከጥቃት ነፃ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በጉብኝቱ ቀን ምክትልዎን ያጀቡት ሦስቱ ጠባቂዎችም «ከኅብረተሰቡ ጋር ስለተዋወቁ» በቋሚነት እኛው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። መተዋወቁ እውነት ነው። አንዲት ሴት ቃሏን ከሰጠች ግን ፋይሉ ከእርስዎ በላይ ላለው አካል ይተላለፋል፤ ምደባውም ይቆማል። አንዲት ሴት። አንድ ዝግ ክፍል። ይህን ደብዳቤ የምልክልዎ በጋዜጣ ነው፤ ማንም ቀድሞ እንዳያሰናክላት አዘጋጁን «ከዓርብ በኋላ አውጣው» ብዬ አደራ ብያለሁ።

ትናንት ረቡዕ የሰፈራችን አናጢ በር ተሸክሞ መጣ፤ ሚስቱ ከኋላ ደግፋለታለች። የራሱ ቤት በር ነው። ቤትህን በምን ልትዘጋ ነው ብዬ ብጠይቀው «በማዳበሪያ ከረጢት፤ እኛ ቤት የሚሰረቅ ቢኖር እኛው ነን» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝምም። ማጠፊያውን እየለካ «አንቺ ልጅ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጥርሷን ታመመች አሉ። ጥርስ ሲያም ሰው መጮህ ያምረዋል፤ መጮህ ደግሞ በር ይፈልጋል» ብሎኝ ሥራውን ቀጠለ።

አራተኛው ብሎን ሲጠብቅ በሩን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ክቡር ኃላፊ፣ ለመመሪያው፣ ለፖስተሩ፣ ለምክትልዎ መልካም ድምፅና ሳይጠየቁ ለላኩልን ሁሉ ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ሲፈልጉ የሚዘጉት በር እንዳያሳጣዎ እየተመኘሁ፣ እጅ እነሣለሁ።

ሥራዋ ሌላው ሲያምጥ መጠበቅ የሆነ አዋላጅ ነርስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ብሩሾቹን ሳይከፈቱ መልሰናል። የሚቀጥለውን ሪፖርት ለበላይ አካል ከማንበብዎ በፊት ለአፍዎ ያስፈልጉዎት ይሆናል።

ሐሙስ ነው። ይህን እየጻፍኩ ልብስ ሰፊዋ ገባች። መዝገቡን ስገልጥ ጣቷን አምዱ ላይ አሳረፈችና «ዛሬ ጥርስ ብለሽ እንዳትጽፊ» አለችኝ። ከዚያ ብድግ አለች። ሐሳቧን የቀየረች መሰለኝ። እስከ መቃኑ ሄደች፣ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር አየች፣ በሩን ዘጋችው።