ከኮከቡ ጎን የታየችው ነጥብ
የዶክተር ፀደይ ታፈሰ የሕይወት ታሪክ (1968–2017 እ.ኤ.አ.)

ዶክተር ፀደይ ታፈሰ ከአባታቸው ከአቶ ታፈሰ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምነሽ በዳኔ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ዶ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው እዚሁ በባቡሩ ጋራዥ የቀሩ መካኒክ ነበሩ። እናታቸው በአንድ ፈረንሣዊ ቤተሰብ ቤት ተቀጥረው ያበስሉ ነበር። ፀደይ የአሠሪዎቹን ልጆች አሮጌ መጻሕፍት እየወረሱ፣ አባታቸውንም በጥያቄ መውጫ መግቢያ እያሳጡ አደጉ። አቶ ታፈሰ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህች ልጅ ቀን የጠየቀችኝን ሌሊት በሕልሜ ትደግመዋለች ይሉ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በፈረንሣይ አጠናቀው ተመለሱና ፊዚክስ አስተማሩ። በ1995 ከአቶ ከበበው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ በ1997 ልጃቸውን ትግስትን ወለዱ። በ1998 በፈረንሣይ ለዶክትሬት ነፃ የትምህርት ዕድል ሲያገኙ ትግስት ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ልጅቷን ለእናታቸው ሰጥተው እያለቀሱ ሄዱ። በ2003 ተመልሰው ሲመጡ ትግስት አያቷን እማዬ፣ እናቷን ግን ፀደይ ብላ ትጠራ ነበር። ይህ አንጀታቸውን እንደቆረጠው ሸሽገው አያውቁም። ትምህርት ቤት ማድረሱንም መመለሱንም ለማንም ሳይሰጡ፣ በትዕግሥት ልጃቸውን መልሰው አገኙ።

የተማሩት ነገር ለእኛ ለዘመዶቻቸው ጉድ ነበር። ሰው ሐኪም ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል፤ በሌላ ኮከብ ዙሪያ የተወለደ ፕላኔት መፈለግ ደግሞ ምን የሚሉት እንጀራ ነው አልን። እሳቸው ሳይሰለቹ ያስረዱን ነበር። ኮከብ ሲወለድ ዙሪያውን አቧራና ጋዝ ይከበዋል፤ ፕላኔቶች የሚሠሩት ከዚያ ነው። ፕላኔት በጨቅላነቱ ገና ትኩስ ስለሆነ በገዛ ሙቀቱ ያበራል፤ ሲያረጅ ይቀዘቅዝና ይጨልማል። ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚነሣው ጨቅላው ነው። ችግሩ ኮከቡ ከአጠገቡ ሆኖ ዓይን ማጥፋቱ ነው። የቀትር ፀሐይን በመዳፍ ጋርዶ ከወዲያ የሚመጣውን ሰው እንደ መለየት ያለ ሥራ ነው ይሉን ነበር። ጨቅላ የሚሉት ፕላኔት ሚሊዮን ዓመታት ያስቆጠረ መሆኑን የሰሙ ዕለት ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ እንግዲያው እኔ ገና አልተወለድኩም ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ዶክተር ፀደይ እዚሁ እያስተማሩ ምርምራቸውን ቀጠሉ። ቺሊ ከሚገኘው ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚነሡትን ሥዕሎች የፈረንሣይ ባልደረቦቻቸው ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው የኮከቡን ብርሃን ከሥዕሉ ላይ ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ የቀረውን ይመረምራሉ። በሐምሌ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው አምቡሊ፣ ኤርፖርት ወደሚሠሩት ባለቤታቸው ቢሮ ይሄዱ ነበር።

በ2008 ከአንድ ኮከብ ጎን አንዲት ነጥብ አዩ። በደስታ ለእናታቸው ነገሩ። እናታቸው ደግሞ ደስታ ይዘው ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። በማግስቱ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ካህናቱ መረቁ፣ እድሩም ዶክተር ፀደይን ጋቢ አለበሳቸው። ልጃችን ፕላኔት አገኘች ተብሎ ወሬው መሐል ከተማ ምኒልክ አደባባይ ካፌዎች ድረስ ደረሰ።

ነገር ግን በዚህ ሥራ አንድ ሥዕል አይበቃም። ኮከብ በየዓመቱ ከቦታው ጥቂት ፈቀቅ ይላል። ነጥቧ የእርሱ ከሆነች፣ በገበያ መሐል እናቱን እንደሚከተል ልጅ አብራው ትሄዳለች፤ ከኋላ በሩቅ ያለ ሌላ ኮከብ ከሆነች ግን ትቀራለች። በዓመቱ ሁለተኛው ሥዕል መጣ። ኮከቡ ሄዷል፣ ነጥቧ ቀርታለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ ማን ይጠይቃል? እሳቸው ግን ከቅዳሴ በኋላ ያንኑ ጋቢ ይዘው በዚያው ግቢ ቆሙ። «ተሳስቻለሁ፤ የኮከቡ ልጅ አይደለችም። የመረቃችሁኝን መልሳችሁ ውሰዱ አልልም፤ ጋቢውን ግን ተቀበሉኝ» አሉ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ተክለወልድ፣ እድር የሰጠውን አይቀበልም ብለው መልሰው አለበሷቸው። ወይዘሮ ዓለምነሽ ግን ልጄን በአደባባይ ያዋረድኳት እኔ ነኝ ብለው ለብዙ ጊዜ አዝነው ኖሩ።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ፀደይ ሁለተኛ ሥዕል ሳያዩ የፕላኔትን ስም በአፋቸው አይጠሩም ነበር። ሌሎች ያገኟቸውን ጨቅላ ፕላኔቶች ሙቀትና ደመና ከባልደረቦቻቸው ጋር አጠኑ፤ ብዙ ተማሪዎችንም ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

በ2016 የጡት ካንሰር አገኛቸው። አዲስ አበባ ድረስ እየተመላለሱ ታከሙ። በመጋቢት 2017፣ ሕመሙ በጸናባቸው ጊዜ፣ ከሌላ ኮከብ ጎን እንደገና አንዲት ነጥብ አዩ። ደጋግመው መረመሯት፤ በጣም ወደዷት። ሁለተኛው ሥዕል የሚነሣው ግን ኮከቡ በሚታይበት ወቅት፣ በመጪው ዓመት ነው። እሳቸው እንደማይደርሱበት እኛም እናውቅ ነበር፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር። አቶ ከበበው አንድ ቀን፣ ለእኔ ብቻ ፕላኔት ናት በይኝ ብለው ለመኗቸው። ዶክተር ፀደይ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ፈገግ አሉ እንጂ ያን ቃል አላሏቸውም። በተወለዱ በ49 ዓመታቸው መስከረም 14 ቀን 2017 ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ታናሽ ወንድማቸው ዮሳዲቅ ይህን ጽሑፍ ሲያዘጋጅ «ፕላኔት ያገኙ ሳይንቲስት» ብሎ በትልቁ ጽፎ ነበር። አቶ ተክለወልድም ደግ አደረግህ አሉት። እኛ ሐዘንተኞቹ ሁላችንም ይህን ማዕረግ ተመኝተንላቸው ነበር። ጽሑፉ ለወይዘሮ ዓለምነሽ ሲነበብላቸው ግን ለቅሷቸውን ገትተው፣ «ፋቀው። ልጄ ያላለችውን በሬሳዋ ላይ አትናገሩ። የሙት ዓመቷን ስናወጣ ሥዕሉም ደርሶ ይሆናል፤ ነጥቧ ብትከተልም ብትቀርም፣ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ቆሜ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ። ዮሳዲቅም ፋቀው።

ዶክተር ፀደይ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ትግስትንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ከዋክብትን በቁጥር የሚያውቅ፣ ሁሉንም በየስማቸው የሚጠራ አምላክ የእሳቸውንም ስም በመንግሥቱ ይጥራልን፤ እናታቸውን ለዚያች ቀን ያድርስልን። አሜን።